ዳገት ላይ የኤሲው ንፋስ ወደ መስታወት የሚሸሸው ለምንድን ነው?

የጠያቂው መልእክት ሲያጥር እንዲህ ይላል፦ «መኪናዬ የ1994 ሞዴል የቤንዚን ፒክአፕ ናት። ቆማ ስትሠራና ሜዳ ላይ ቀስ ብዬ ስነዳት ኤሲው ጥሩ ነው፤ ከመሃል መውጫዎቹ ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። ዳገት ስጀምር ወይም ለመቅደም ነዳጅ ስረግጥ ግን ፊቴ ላይ የሚነፍሰው ይጠፋል። እግሬን ሳነሳ ይመለሳል። መካኒኩ ጋዝ አንሷታል ብሎ ሁለት ጊዜ ሞላልኝ፤ ምንም ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል፣ ይቀየር እያለኝ ነው። ልቀይረው?»

አይቀይሩት። ጋዝም ለሦስተኛ ጊዜ አያስሞሉ። የነገሩኝ ምልክት ከጋዝም ከኮምፕሬሰርም ጋር አይገናኝም። ንፋሱ አልጠፋም፤ አቅጣጫ ነው የቀየረው። በሚቀጥለው ዳገት ላይ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው እጁን ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ዳሽቦርዱ ጫፍ ላይ ባለው ረጅም ክፍተት ላይ ያድርግ። ፊትዎ ላይ የነበረው ቀዝቃዛ አየር እዚያ ሲወጣ ያገኘዋል ብዬ እጠብቃለሁ። ካገኘው ምርመራው ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው።

የኤሲ ችግር ሲነገረኝ መጀመሪያ የምለየው ሦስት ነገር ነው። ንፋሱ ምን ያህል ይነፍሳል? በየት በኩል ይወጣል? ምን ያህል ይቀዘቅዛል? ሦስቱን የሚሠሩት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። መጠኑ የብሎወሩ፣ ማለትም የማራገቢያው ሥራ ነው። ቅዝቃዜው የጋዙ፣ የኮምፕሬሰሩ፣ ከራዲያተሩ ፊት ሆኖ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ኮንደንሰርና ዳሽቦርዱ ውስጥ ተደብቆ የሚነፍሰውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር ሥራ ነው። አቅጣጫውን የሚወስኑት ደግሞ ዳሽቦርዱ ውስጥ ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትንንሽ በሮች ናቸው። ጋዝ በር አይከፍትም። ኮምፕሬሰርም በር አይዘጋም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጥለው ሦስቱን «ኤሲው አይሠራም» በሚል አንድ ቃል ስለሚያጠቃልላቸው ነው፤ መካኒኩም ቀላሉን፣ ጋዙን ያነሳል።

እንግዲህ እነዚያን በሮች የሚያንቀሳቅሳቸው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ የፎርድና የዶጅ ፒክአፖች ላይ በሮቹን የሚስባቸው ቫኪዩም፣ ማለትም ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ የመግቢያው መንገድ በስሮትሉ፣ ማለትም ነዳጅ ስንረግጥ በሚከፈተው ክዳን ይታነቃል። ስለዚህ ከክዳኑ በኋላ ባለው ኢንቴክ ማኒፎልድ፣ አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያደርሰው ቧንቧ ውስጥ ግፊቱ ከውጭው አየር በታች ይወርዳል። ጭማቂ በስትሮ ስንስብ አፋችን ውስጥ እንደሚፈጠረው ያለ መሳብ ነው። ፋብሪካው ይህን ጉልበት በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ዳሽቦርዱ ይወስደዋል። መቆጣጠሪያውን «ፊት» ላይ ሲያደርጉት ከጀርባው ያለ ትንሽ ቫልቭ ቫኪዩሙን ለሚመለከተው በር ይለቅለታል። በሩ ጋ ክብ የፕላስቲክ ዕቃ አለ፤ ውስጡ ስስ የጎማ ዲያፍራም ተወጥሯል። ቫኪዩም ሲደርሰው ዲያፍራሙ ይሳባል፣ ዘንጉን ይጎትታል፣ በሩ ይዞራል።

ነዳጅ ሲረግጡ ክዳኑ ይከፈታል፣ አየሩ እንደ ልቡ ይገባል፣ ቫኪዩሙም ይጠፋል። ጤነኛ ሞተር በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ) ሲሠራ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ይስባል፤ ኢንች ሜርኩሪ የቫኪዩም መለኪያ ነው። እስከ ወለል ሲረገጥ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የቤንዚን ሞተር ጠባይ ነው። ፋብሪካውም ይህን ስለሚያውቅ ሁለት ዕቃ ጨምሯል። አንዱ የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ነው። ሞተሩ ሲስብ ይከፈታል፤ መሳቡ ሲደክም ይዘጋና ውስጥ ያለው ቫኪዩም ወደ ሞተሩ እንዳያመልጥ ይይዛል። ሌላው ማጠራቀሚያው ነው። ብዙ ጊዜ እንደ ኳስ ወይም እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ያለ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ኮፈኑ ሥር፣ ባትሪው አካባቢ ወይም ከፓራፋንጎው ጀርባ ተደብቆ ይገኛል። ሥራው ዳገቱ እስኪያልቅ በሮቹን ይዞ የሚያቆይ ቫኪዩም ማስቀመጥ ነው።

ከሁለቱ አንዱ ሲበላሽ፣ ወይም ከቱቦዎቹ አንዱ አየር ሲያስገባ፣ ነዳጅ በረገጡ ቁጥር በሮቹ የሚይዛቸው ያጣሉ። ያን ጊዜ በሮቹ ላይ ያለው ሞላ (ስፕሪንግ) ወደ ማረፊያ ቦታቸው ይመልሳቸዋል። ማረፊያቸው ደግሞ የፊት መስታወቱ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ሲስተሙ ቢበላሽ እንኳ ሹፌሩ በላበ መስታወት ውስጥ እያየ እንዳይነዳ ታስቦ የተሠራ ነው። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከፍታም ድርሻ አለው። የሞተር ቫኪዩም በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ያህል ይቀንሳል። 2,000 ሜትር ላይ የሚነዳ መኪና ከባሕር ዳርቻው ወንድሙ ከ6 እስከ 7 ኢንች ያነሰ ይዞ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ቆላ ላይ ማንም የማያስተውለው ትንሽ ቀዳዳ ደጋ ላይ ጎልቶ ይወጣል። መኪናው ወደ ከፍታ ቦታ ከሄደ በኋላ «ኤሲው ድንገት ተበላሸ» የሚሉ ሰዎች የሚያማርሩት አንዳንዴ ለዓመታት የቆየ ቀዳዳ ነው።

የእርስዎ መኪና ሚኒሞ ላይ ደህና መሆኗ ብዙ ነገር ይነግረኛል። ዋናው ቱቦ ሙሉ በሙሉ ቢበጠስ ንፋሱ ሁልጊዜ መስታወት ላይ ይቀር ነበር። የፊቱ በር ዲያፍራም ቢቀደድም ቆማ ስትሠራ አይከፈትም ነበር። ስለዚህ የምንፈልገው ትንሽ ቀዳዳ ወይም የማይይዝ ቫልቭ ነው። ከሁለቱ ለመለየት ሰዓቱን ያስተውሉ። ነዳጅ እንደረገጡ፣ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ንፋሱ ከሸሸ ቫልቩን ወይም ማጠራቀሚያውን ይጠርጥሩ፤ የተጠራቀመ ነገር የለም ማለት ነው። ዳገቱን ግማሽ ደቂቃ ያህል ከወጡ በኋላ ቀስ እያለ ከሸሸ ግን ማጠራቀሚያው አለ፤ የሆነ ቦታ በቀጭኑ እያፈሰሰ ነው። ጥያቄዎ ውስጥ ይህን አልጠቀሱም። እኔ ፊት ለፊት ባገኝዎ መጀመሪያ የምጠይቅዎ ይህንኑ ነበር።

ቀጥሎ ያለው ሙከራ መሣሪያ አይፈልግም። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው ሞተሩን ያስነሱ። መቆጣጠሪያውን ፊት ላይ ያድርጉና ሞተሩ ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ። ከዚያ ያጥፉት። ቁልፉን መልሰው ያዙሩት፤ ግን አያስነሱ፤ ብሎወሩ እንዲዞር ብቻ ነው የምንፈልገው። እጅዎን መውጫው ላይ አድርገው ይጠብቁ። ደህና የሆነ ሲስተም ንፋሱን ለብዙ ደቂቃ እዚያው ያቆየዋል። ወዲያው ወደ መስታወት ከሄደ መልሱን አገኙ። ሙከራው ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በመሃል መቆጣጠሪያውን ወዲያና ወዲህ አያዟዙሩ። እያንዳንዱ ዙር ከተጠራቀመው ይበላና ደህናውን ሲስተም የታመመ ያስመስለዋል።

አሁን ኮፈኑን ይክፈቱ። ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። ከኢንቴክ ማኒፎልዱ ተነስቶ ሞተሩንና ጋቢናውን ወደሚለየው ግድግዳ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ይከተሉ። ከእስክሪብቶ ቀለም መያዣ ብዙም አይወፍርም። ሠላሳ ዓመት የሞተር ሙቀት የጠጣ ፕላስቲክ ደረቅ እንጨት ይሆናል፤ በጣት ሲነካ ቀጭ ይላል። ሁለት ቦታ ላይ ዓይንዎን ይጣሉ። አንደኛው ባትሪው አጠገብ ያለው ክፍል ነው፤ የባትሪ አሲድ ፕላስቲኩንም ማያያዣ ጎማውንም ይበላዋል። ሁለተኛው ቱቦው የሚታጠፍበት የጎማ ክርን ነው። ጎማው ላይ ላዩን ጥቁርና ደህና ይመስላል። ሲያጥፉት ግን ከውስጥ በኩል እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ይከፈታሉ፤ ሲለቁት መልሰው ይገጥማሉ። ቆሞ ለሚያይ ሰው ምንም የለበትም። ሞተሩ ሲነቀነቅ ነው የሚያፈሰው። ስለዚህ ማየት ብቻ አይበቃም፤ እያጠፉ ይፈትሹ።

የአንድ አቅጣጫ ቫልቩን መፈተሽ ቀላል ነው። ነቅለው ያውጡትና በማጠራቀሚያው በኩል ካለው ጫፍ በአፍዎ ይንፉበት፤ አየር ማለፍ አለበት። ከሞተሩ በኩል ካለው ጫፍ ሲነፉ ግን ጨርሶ ማለፍ የለበትም። በሁለቱም ካሳለፈ ወይም በሁለቱም ከዘጋ ሞቷል። ከመንፋትዎ በፊት ጫፎቹን በደንብ ይጥረጉ፤ በአፍ ወደ ውስጥ መሳብ ደግሞ ፈጽሞ የለም፤ የቤንዚን ትነት ያለበት ዕቃ ነው። ሲመልሱት አቅጣጫውን አያሳስቱ። ተገልብጦ የገባ ቫልቭ በሮቹን ሙሉ በሙሉ ያሰናክላል።

ለቀረው የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልጋል። የመለኪያ መርፌ ያለው፣ በእጅ የሚጨመቅ ትንሽ መሣሪያ ነው። የኤሲ መካኒክ ነኝ የሚል ሰው ሊኖረው ይገባል። ማጠራቀሚያው ላይ ገጥመው 15 ኢንች ያህል ይሳቡና መርፌውን ለ1 ደቂቃ ይመልከቱ። መርፌው ካልተንቀሳቀሰ ማጠራቀሚያው ደህና ነው። ከወረደ ተሰንጥቋል፤ ብዙ ጊዜ ስንጥቁ ሁለቱ የፕላስቲክ ግማሾች በተገናኙበት መስመር ላይ ነው። ከዚያ ወደ ጋቢናው የሚገባውን ቱቦ በፓምፑ ይሳቡ። ይህኛው የማይይዝ ከሆነ ቀዳዳው ከዳሽቦርዱ ውስጥ ነው።

ዳሽቦርዱ ውስጥ ከሆነ ለመበተን አይቸኩሉ። መጀመሪያ ሬዲዮኑንና ብሎወሩን አጥፍተው፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ፣ ጆሮዎን ወደ መቆጣጠሪያው ያስጠጉ። ቀጭን «ስስስ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ከመቆጣጠሪያው ጀርባ ያለው መሰኪያ ወይም ቫልቩ ያፈሳል። መቆጣጠሪያውን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ያዙሩት። ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ያ ቦታ የሚጠቀምበት ዲያፍራም ወይም ቱቦ ነው ጥፋተኛው። ከዚያ በኋላ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ እየደፈኑ ማጣራት ነው። ሲደፈን ድምፁን ዝም የሚያሰኘው ቅርንጫፍ የታመመው ነው። ብዙዎቹ ዲያፍራሞች ከጓንት ሳጥኑ ጀርባ ወይም ከተሳፋሪው እግር ማስቀመጫ በላይ በእጅ ይደረስባቸዋል። ጥቂቶቹ ግን ዳሽቦርዱ ካልወረደ አይታዩም። እዚያ ከደረሰ በራስዎ እንዲሞክሩት አልመክርም። ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ባትሪው ሳይነቀልና አምራቹ ያዘዘው ጊዜ ሳይጠበቅ ማንም ሰው እዚያ አካባቢ ሽቦ መንካት የለበትም።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ። ቫኪዩም የሚጠቀመው ኤሲው ብቻ አይደለም። የፍሬኑ ሰርቮም፣ ማለትም ፍሬን መርገጡን የሚያቀልለው ዕቃ፣ ከዚያው ማኒፎልድ ነው የሚስበው። ፍሬኑ ከወትሮው ከጠነከረብዎ፣ ወይም ፍሬን ሲረግጡ የሞተሩ ድምፅ ከተቀየረ ጉዳዩ የምቾት መሆኑ ቀርቷል። መኪናውን አቁመው ያሠሩ።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ነው። ቀዳዳውን መፈለግ የሰለቸው ሰው በሩን በሽቦ አስሮ ፊት ላይ እንዲቀር ያደርገዋል። ንፋሱ ፊት ላይ ይቆያል፣ ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ከዚያ በዝናባማ ሌሊት መስታወቱ ሲልብ የሚያደርቀው ነገር የለም። ይህን እንዲያደርጉልዎ በፍጹም አይፍቀዱ። ጠፍቶ ከሚገኝ የፊት ንፋስ ይልቅ ጠፍቶ የሚገኝ የመስታወት ንፋስ ሰው ይገድላል።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ፒክአፕ ነጂዎች የእርስዎን መልስ ለራሳቸው መኪና እንዳይገለብጡ ትንሽ ልጨምር። የናፍጣ ሞተር መግቢያው በክዳን ስለማይታነቅ በማኒፎልዱ ውስጥ የሚጠቅም ቫኪዩም የለውም። ቫኪዩም ሲያስፈልገው በራሱ ፓምፕ ነው የሚፈጥረው፤ በብዙዎቹ ላይ ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ተገጥሟል። ስለዚህ ናፍጣ መኪና ላይ «ስረግጥ ይጠፋል» የሚለው ምልክት እምብዛም አይመጣም። አብዛኞቹ አሮጌ የጃፓን ፒክአፖች ደግሞ በሮቹን በካቦ ነው የሚጎትቱት። እነሱ ላይ መቆጣጠሪያው ያለ ምንም ክብደት ከሄደ ካቦው ከመያዣው ወጥቷል፤ ከብዶ መሃል ላይ ከቆመ ካቦው ዝጓል ወይም በሩ ላይ የሆነ ነገር ወድቋል። በኃይል አይግፉት፤ የፕላስቲክ ክንዱ ይሰበራል። ትንሽ ዘመን ቀረብ የሚሉት በኤሌክትሪክ ሞተር ይሠራሉ። ከዳሽቦርዱ ውስጥ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ከመጣ የዚያ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር የፕላስቲክ ጥርስ ተበልቷል፤ እሱ ብቻ እንጂ ሙሉው ሲስተም አይቀየርም።

የእርስዎን ችግር የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዳንድ መኪኖች ነዳጅ እስከ ወለል ሲረገጥ ሞተሩን ለማገዝ ኮምፕሬሰሩን ለጥቂት ሰከንድ ያጠፉታል። ያን ጊዜ ንፋሱ እዚያው ፊትዎ ላይ ይቆያል፤ ትንሽ ሞቅ ይላል እንጂ ቦታ አይቀይርም። ጤነኛ ነው፤ አይነካም። ሌላው የኢቫፖሬተር በረዶ መሥራት ነው። ረጅም መንገድ ላይ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምናልባት፣ ብሎወሩ እንደበፊቱ እየጮኸ ንፋሱ ግን በሁሉም መውጫ እየቀጠነ ይሄዳል። ኤሲውን አጥፍተው ብሎወሩን ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ቢተዉት በረዶው ይቀልጥና ንፋሱ ይመለሳል፤ ከመኪናው ሥርም ውሃ ይንጠባጠባል። እዚህ ላይ ጋዝ ማነስ ከምክንያቶቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። ጋዙ ሲያንስ በኢቫፖሬተሩ መግቢያ በኩል ግፊቱም ሙቀቱም ስለሚወርድ ከ0 ዲግሪ በታች ይገባል። የሙቀት መቆጣጠሪያው መበላሸትም እንዲሁ ያደርጋል። የእርስዎ ግን እግርዎን ሲያነሱ ወዲያው ይመለሳል። በረዶ በሰከንድ አይቀልጥም።

ንፋሱ በሁሉም ቦታ፣ ሁልጊዜም ደካማ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው። አሮጌ ፒክአፖች ብዙዎቹ የጋቢና አየር ማጣሪያ የላቸውም። ከመስታወቱ በታች ባለው መግቢያ የገባ ቅጠል፣ አቧራና ላባ በቀጥታ ሄዶ ኢቫፖሬተሩ ላይ ይነጠፋል። የብሎወሩን ሬዚስተር (ፍጥነቱን የሚቀንሰውን የኤሌክትሪክ ዕቃ) ከነቀሉ በቀዳዳው በባትሪ መብራት ማየት ይቻላል። በለስላሳ ብሩሽና በዝቅተኛ ግፊት ውሃ ይጸዳል። የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ ግን ስስ ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል። የአይጥ ጎጆ ካገኙ ደረቁን አይጥረጉት፤ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርገው፣ በረኪና ባለበት ውሃ አርጥበው ያንሱት። ብሎወሩ በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ያው ሬዚስተር ተቃጥሏል። አዲሱም ቶሎ ከተቃጠለ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ብሎወሩ ከብዶት ብዙ ኤሌክትሪክ እየሳበ ነው። ፊውዙን በትልቅ መተካት መፍትሔ ሳይሆን እሳት ነው።

ንፋሱ በቦታው ሆኖ ለብ ያለ ከሆነ የሙቀት መቀላቀያውን በር ይጠርጥሩ። የሙቅ ውሃው ክፍል ከኢቫፖሬተሩ ጎን ነው ያለው፤ ሁለቱን የሚለየው በር ትንሽ ክፍት ከቀረ ኤሲው ያቀዘቀዘውን ሙቅ ውሃው ያሞቀዋል። ከመውጫዎቹ የስፖንጅ ፍርፋሪ እየበረረ የሚወጣባቸው መኪኖች ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ፍርፋሪው ከበሮቹ ጠርዝ የረገፈ መዝጊያ ስፖንጅ ነው። የተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፍ ከራሰ ደግሞ በጣትዎ ይንኩት። ንጹሕ ውሃ ከሆነ የኤሲው ውሃ መውረጃ ተደፍኗል። የሚያሟልጭና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ ግን የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው፤ የማሞቂያው ራዲያተር ቀዳዳ አለው። እሱን አይተዉት፤ ሞተርዎን ያቃጥላል።

ወደ ጋዙ ልመለስ፤ ምክንያቱም አሁን ሁለት ጊዜ ተሞልቷል። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን አይነድም፣ አያልቅም። የታሸገ ሲስተም ውስጥ ነው የሚዞረው። በእውነት አንሶ ከነበረ የፈሰሰበት ቦታ አለ፤ ያ ቦታ ካልተፈለገ መሙላቱ ዋጋ የለውም። አንሶ ካልነበረ ደግሞ አሁን በዝቷል። የበዛ ጋዝ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፣ ቅዝቃዜውን ይቀንሳል፣ ኮምፕሬሰሩንም ያስጨንቃል። ማለትም «ደከመ» የተባለውን ኮምፕሬሰር ሊያደክም የሚችለው ያ መድኃኒት የተባለው ነገር ነው። ትክክለኛው መጠን ኮፈኑ ሥር ባለው መለያ ላይ በክብደት ተጽፏል፤ የጋዙ ዓይነትም እንዲሁ። በእርስዎ ዘመን የነበሩ መኪኖች ከአሮጌው አር-12 ጋዝ ወደ አዲሱ አር-134ኤ ጋዝ በሚሸጋገሩበት ጊዜ የተሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ መለያውን ሳያነቡ የሞላ ሰው ገምቶ ነው የሞላው። ሁለቱ አይቀላቀሉም፤ ዘይታቸውም ይለያያል። ያለውን ጋዝ በማሽን አስወጥቶ፣ ቫኪዩም አድርጎ፣ በሚዛን የሚሞላ ሰው ይፈልጉ። ወደ አየር ልቀቀው የሚልዎትን አይስሙ። ፈሳሹ ቆዳና ዓይን ላይ ካረፈ በበረዶ ያቃጥላል፤ ለከባቢ አየርም ጠንቅ ነው። «ቀዳዳ የሚደፍን» ተብሎ ከጋዝ ጋር የሚጨመረውን ፈሳሽም አልደግፍም። ቫልቮችን ይደፍናል፣ ቀጥሎ የሚሠራልዎትን ሰው ማሽንም ያበላሻል።

ስለዚህ የምመክርዎ ይህን ነው። ሞተር አጥፍተው የሚሠሩትን ሙከራ ዛሬውኑ ይሥሩ። ንፋሱ ወዲያው ከሸሸ የአንድ አቅጣጫ ቫልቩን፣ ማጠራቀሚያውንና ከማኒፎልዱ እስከ ጋቢናው ግድግዳ ያለውን ቱቦ ከነማያያዣ ጎማዎቹ አንድ ላይ ይቀይሩ። አንዱን ብቻ መቀየር እንደሚቻል አውቃለሁ። ግን ሦስቱም እኩል ያረጁ ናቸው፤ ዕቃዎቹም ከኤሲ ክፍሎች ሁሉ ርካሾቹ ናቸው። የተሰበረ ቱቦ ላይ ፕላስተር አይጠምጥሙ፤ የሞተሩ ሙቀት ማጣበቂያውን ያቀልጠውና ቀዳዳው መልሶ ይከፈታል። ለቫኪዩም የተሠራ ቱቦ ይግዙ፤ ስስ ጎማ ከሆነ ራሱ ተስቦ ይጣበቃል። ከዚያ ያንኑ ሙከራ ይድገሙ። ንፋሱ ከ5 ደቂቃ በላይ ፊት ላይ ከቆየ ያንኑ ዳገት ይውጡበት። ካልቆየ ቀዳዳው ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው፤ የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ወዳለው መካኒክ ይውሰዱት፤ ቀዳዳውን አሳይቶዎት እንጂ ገምቶ ምንም ዕቃ እንዳይቀይር ይንገሩት። ጋዙ በሚዛን የሚስተካከለው ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፕሬሰሩ ላይ እጅ የሚያርፈው ደግሞ ጋዙ በልኩ ሆኖ፣ የግፊት መለኪያ በሁለቱም በኩል ተገጥሞ፣ ደካማነቱ በቁጥር ሲታይ ብቻ ነው።